ሳየር ላሪ ካርልተን ኤች7፦ በስቱዲዮ ጊታሪስት ሚዛን

በሙዚቀኛ ስም ተሰይመው የሚሸጡ ጊታሮች አብዛኛውን ጊዜ የመድረክ ኮከቦችን ስም የያዙ ናቸው፤ የጊታር አምራቹ ሳየር ግን ለጊታሮቹ የመረጠው የወጣትነት ጉልበቱን በስቱዲዮ ውስጥ፣ በሌሎች ሰዎች አልበም ላይ በመጫወት ያፈሰሰውን ላሪ ካርልተንን ነው። በዚህም ምክንያት ኤች7 የተባለውን ሞዴል በድምፁ ውበት ብቻ መገምገም በቂ ሆኖ አላገኘሁትም፤ እንዲህ ያለ ባለሙያ ከመሣሪያው የሚጠብቀውን ያሟላል ወይስ አያሟላም ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ካርልተን እ.ኤ.አ. በ1948 በካሊፎርኒያ፣ ቶራንስ ተወለደ፤ ጊታር መማር የጀመረውም ገና በስድስት ዓመቱ ነው። በ1970ዎቹ በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች እጅግ ተፈላጊ ከነበሩት ጊታሪስቶች አንዱ ሲሆን፣ ከክሩሴደርስ ቡድን ጋር ጃዝና ፈንክ ተጫውቷል፣ የዘፋኟን የጆኒ ሚቸልን ድምፅ አጅቧል፣ በስቲሊ ዳን ቡድን ውስብስብ ኮርዶች (በአንድነት የሚሰሙ ኖታዎች) ላይም ሶሎ ሠርቷል። የስቱዲዮ ጊታሪስት ወደ ቀረጻ ሲገባ ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ኖታ ወይም የኮርድ ስም ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ፊቱ ይቀመጥለታል፣ ከዚያም ሰዓቱ እየተቆጠረ ዘፈኑ የሚፈልገውን ማግኘት ይኖርበታል። ብዙ ጊዜም ትክክለኛው መልስ ከዘፋኙ ድምፅ ሥር ገብቶ ጥቂት መጫወት ነው።

ካርልተን ለዚህ ሁሉ የተጠቀመበት ዋና መሣሪያ የ1969 ጊብሰን ኢኤስ-335 ሲሆን፣ ጊታሩ ከእርሱ ጋር እጅግ ከመቆራኘቱ የተነሳ «ሚስተር 335» የሚል ቅጽል ስም አትርፎለታል። እ.ኤ.አ. በ1958 ለገበያ የቀረበው ይህ ዓይነት ጊታር ጎንና ጎኑ ባዶ፣ መሐሉ ግን ድፍን እንጨት ነው፤ ባዶው ክፍል ለድምፁ ሙቀትና አየር ይሰጠዋል፣ ድፍኑ ደግሞ አምፕሊፋየሩ ከፍ ሲል የሚመጣውን ጩኸት ይቀንሳል። ኤች7 የዚሁ ዝርያ ጊታር ነው።

ኤች7ን ሲይዙት መጀመሪያ የሚታወቀው የአንገቱ ምቾት ነው። የፍሬትቦርዱ (ጣቶች አውታሩን የሚጫኑበት የአንገቱ ገጽ) ጠርዝ ተሞርዶ ክብ ስለተደረገ፣ እጅ ወደ ላይና ወደ ታች ሲንሸራተት የሚቆረቁር ነገር አያገኝም፤ ብዙ ሰዓት ለሚጫወት ሰው ይህ እንደ ቅንጦት የሚታይ አይደለም። በድምፅ በኩል የአንገቱ ፒክአፕ (የአውታሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ክብና ሙሉ ሲሆን፣ በብሪጁ፣ ማለትም በአውታሮቹ የታች መደገፊያ በኩል ያለው ፒክአፕ ጆሮ ሳይወጋ ከሌሎች መሣሪያዎች መሐል ጎልቶ ይሰማል።

ከሁሉ በላይ የምወድለት ግን ለቮሊውም ቁልፎቹ ያለውን ታዛዥነት ነው። አምፕሊፋየሩን ድምፁ መሰበር (መሻከር) ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው አቁሞ፣ የጊታሩን ቮሊውም ሙሉ በሙሉ ሲከፍቱት የሚዘፍን የሶሎ ድምፅ ይወጣል፤ ቁልፉን ወደ ግማሽ ገደማ ሲመልሱት ደግሞ ፔዳል ሳይነካ ለማጀብ የሚሆን ንጹሕ ድምፅ ይገኛል። ሁለቱን ፒክአፖች በአንድነት ከፍቶ የአንገቱን ጥቂት ዝቅ ማድረግም ለምት አጨዋወት እጅግ የሚስማማ፣ ዘፋኙን የማይሸፍን ድምፅ ይሰጣል። ካርልተን በቮሊውም ፔዳል የኖታውን አነሳስ ደብቆ ድምፁን እንደ ቫዮሊን ቀስ ብሎ የሚያሳድግበት ስልት የታወቀለት ስለሆነ፣ ይህ ታዛዥነት ስሙን በተሸከመ ጊታር ላይ ባይኖር ኖሮ ከባድ ጉድለት ይሆን ነበር።

ባለስሙ ከአጃቢነት አልፎ በራሱም ስም ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ከሙዚቃ ደራሲው ማይክ ፖስት ጋር በተጫወተው የቴሌቪዥን ድራማ መክፈቻ ሙዚቃ ግራሚ ተሸልሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በሎስ አንጀለስ ጉሮሮው ላይ በጥይት ተመትቶ ነርቮቹ ክፉኛ ቢጎዱም፣ በጽኑ ሕክምናና ልምምድ ወደ ጊታሩ ተመልሷል። በኋላም በፎርፕሌይ ቡድን የሊ ሪትናወርን ቦታ ተክቶ ለዓመታት ተጫውቷል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲት ኖታ ከመታ በኋላ ቦታ ሰጥቶ የመጠበቅ ልማዱ አልተለወጠም፤ ኤች7 ላይ ድምፁ ሳይቸኩል ስለሚከስም እንዲህ ያለውን አጨዋወት ለመለማመድ ይመቻል።

ጊታሩ ሁሉን ይችላል ማለት ግን አይቻልም። በሃምባከር (ባለ ሁለት ጥቅል) ፒክአፕ የሚሠራ በመሆኑ፣ ለካንትሪ ሙዚቃ የሚፈለገውን ቀጭንና ሹል የቴሌካስተር (የፌንደር ድፍን ጊታር) ድምፅ አይተካም፤ ለከባድ ሜታል ጊታር የሚፈልግ ሰውም ድፍን ጊታር ቢይዝ ይሻለዋል። የአካሉ ስፋትም ቁጭ ብሎ ለሚለማመድ፣ በተለይም ትንሽ ቁመና ላለው ተጫዋች፣ ቀኝ ክንድን ያርቃል፤ ማንጠልጠያ አጥብቆ መያዝ ችግሩን ያቃልለዋል። አንድ ጊታር ብቻ ይዞ ጃዝ፣ ብሉዝ፣ ሶልና ለስላሳ ሮክ በሚጠየቅበት ቦታ ሁሉ መገኘት ለሚፈልግ ተጫዋች ግን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ ከመግዛቱ በፊት የሚያዘወትረው አምፕሊፋየር ባለበት ቦታ፣ ቮሊውሙን ከፍ ዝቅ እያደረገ ቢሞክረው መልካም ነው።