ሙከራና ስሕተት ወይስ ድንገተኛ ግንዛቤ?

ችግር እንዴት ይፈታል ለሚለው ጥያቄ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሁለት የሚፎካከሩ መልሶችን ሰጥተዋል።

አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጥናት፣ ሣጥን ውስጥ የተዘጋባት የተራበች ድመት ውጭ ያለውን ምግብ ለማግኘት ስትቧጭርና ስትነክስ ቆይታ በአጋጣሚ መክፈቻውን ስትነካ በሩ ይከፈትላት ነበር። ሙከራው በተደጋገመ ቁጥር የሚፈጅባት ጊዜ ከፍ ዝቅ እያለ ቀስ በቀስ ስለቀነሰ፣ ድመቷ መፍትሔውን ተረድታው ሳይሆን የጠቀማት እንቅስቃሴ ጸንቶላት ነው ሲል ደመደመ።

ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ኮህለር ከ1913 ጀምሮ በቴነሪፍ ደሴት የመዘገበው ግን ሌላ ነው። ሱልጣን የተባለው ቺምፓንዚ ከታሰረበት ክፍል ፍርግርግ ውጭ ያለው ሙዝ ጋ በአንድ ዱላ መድረስ ቢያቅተው ተስፋ ቆርጦ ጀርባውን ሰጠ፤ በሁለት የሸምበቆ ዱላዎች ሲጫወት ሳለ ቀጭኑን በወፍራሙ ቀዳዳ ሰካና በረዘመው ዱላ ሙዙን ለመሳብ ወዲያው ወደ ፍርግርጉ ሮጠ (ያን ቅጽበት በዓይኑ ያየው ጠባቂው ነበር)።

ለእኔ የሰውን አስተሳሰብ የሚመስለው ሁለተኛው ነው፤ የቶርንዳይክ ሣጥን አሠራሩን ከድመቷ ዕይታ ስለሚሰውር ለግንዛቤ ዕድል አይሰጥም። ሆኖም ግንዛቤም ቀደም ያለ ልምድ ሳይፈልግ አይቀርም፤ ተመራማሪው ኸርበርት በርች በ1945 ባቀረበው ጥናት፣ በዱላ ተጠቅመው የማያውቁ ቺምፓንዚዎች አብዛኞቹ ምግቡን በዱላ የመሳቡ መፍትሔ ጠፍቷቸው፣ ለጥቂት ቀናት በእንጨት ከተጫወቱ በኋላ ግን በፍጥነት አግኝተውታል።