የጉዲፈቻ ሕፃንን ለማጥባት፦ አስቀድሞ ማለብ ወይስ ሕፃኑ ሲመጣ መጀመር?

በኮዬ ፈጬ ወይም በለገጣፎ የምትኖርና የጉዲፈቻ ሕፃን የምትጠብቅ ሴት፣ ሳታረግዝም ወተት እንዲመጣላት የምትዘጋጅባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። (አባቶቻችን «የጡት ልጅ» የሚሉት ዝምድና ወተት ሳይኖርም የሚታሰር ነበር፤ እዚህ የምናወራው ግን ስለ እውነተኛው ወተት ነው።) አንደኛው፣ ሕፃኑ ከመምጣቱ ሳምንታት ወይም ወራት አስቀድሞ ጡትን በእጅ ወይም በፓምፕ፣ ሌሊትን ጨምሮ በቀን 8 ጊዜ ያህል ማለብ ነው፤ ይህ ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን ስለሚቀሰቅስ ወተቱ ቀስ በቀስ ጠብ ማለት ይጀምራል። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን የሚያጸድቅበትን ቀን አስቀድሞ ማወቅ ያስቸግራል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈርም በኤሌክትሪክ ፓምፕ ብቻ መተማመን ስለማያዋጣ በእጅ ማለብን መልመድ ይበጃል።

ሁለተኛው፣ ሕፃኑ ከጡት ጫፍ አጠገብ በተለጠፈ ቀጭን ቱቦ ለሕፃናት የተዘጋጀ የዱቄት ወተት እየሳበ እንዲጠባ ማድረግ ነው። ሕፃኑ ይጠግባል፣ ጡቱም ይነቃቃል፤ ነገር ግን ቱቦው በተጠቀሙበት ቁጥር መታጠብ አለበት፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ደግሞ ይህ አድካሚ ነው።

በእኔ ግምት፣ ጊዜ ያላት ሴት በመጀመሪያው ጀምራ ሕፃኑ ሲመጣ ሁለተኛውን ብታክል ይሻላታል። በየትኛውም መንገድ የሚገኘው ወተት ብዙውን ጊዜ ብቻውን ስለማይበቃ ሕፃኑን በጤና ጣቢያ አዘውትሮ ማስመዘን፣ ከመጀመሯም በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋታል።