የአረር መጭመቂያ ዳይና ፓንች፦ በዘይት ወይስ በጸረ ዝገት ወረቀት?

የአረር መጭመቂያ ዳይ፣ ማለትም እርሳሱ ተጨምቆ የአረር ቅርጽ የሚይዝበት የብረት ቅርጽ ማውጫ፣ ውስጡ እንደ መስታወት የተወለወለ ነው። አንዲት የዝገት ነጥብ እዚያ ካረፈች በሚወጣው አረር ሁሉ ላይ ምልክቷን ትተዋለች። በብርጭቆ ወረቀት ልጥረጋት ቢሉ ደግሞ ልኩ ይሰፋል፤ የሰፋ ዳይ አይመለስም።

ዘይት የቆየው መንገድ ነው። ዳዩን ከቅባትና ከእርሳስ ብናኝ አጽድቶ፣ አድርቆ፣ የጣት አሻራ ሳያስነኩ በስሱ መቀባት ነው። የትም ይገኛል፣ ሥራውም የደቂቃ ነው። ችግሩ ሲቆይ ነው፦ ዘይቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርድና የላይኛው ጠርዝ ይራቆታል። አቧራም ይሰበስባል። ያ አቧራ ሳይጠረግ ፓንቹ፣ ማለትም እርሳሱን ዳዩ ውስጥ የሚገፋው ዘንግ፣ ከገባ የተወለወለውን ግድግዳ ይቧጭረዋል።

ቪሲአይ የሚባለው ጸረ ዝገት ወረቀት ሌላ ነው። ከወረቀቱ የሚተነው ኬሚካል ብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ብሩሽ የማይደርስበት ጠባብ ቀዳዳ ውስጥም ይገባል። ግን ክዳኑ ግጥም የሚል ዕቃ ይፈልጋል። ክፍት ሳጥን ውስጥ ተንኖ ያልቃል።

በየቀኑ ለሚሠራበት ዘይቱ ይበቃል። ለወራት ለሚቀመጥ ግን ያለማመንታት ወረቀቱን እመርጣለሁ።

በየትኛውም ቢሆን ከኦክ እንጨት ሳጥን ይራቁ፤ እንጨቱ የሚያወጣው አሴቲክ አሲድ ብረት ይበላል። ፓንቹንም ዳዩ ውስጥ ከተው አያሳድሩት፤ በመካከላቸው የቀረ እርጥበት መውጫ የለውም።