ቤታችን ባክአፕ ላስገባልን ወንድማችን፦ እጅህ ይባረክ

ባክአፕ (የፋይል መጠባበቂያ ቅጂ) እሠራለሁ የሚል ሞልቷል፤ አብዛኛው ግን ፋይሉን አንዴ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ገልብጦ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ይህ ወንድማችን የሠራልን ዊንዶውስ ውስጥ ድሮም ያለውን ሮቦኮፒ የሚባል ፋይል መገልበጫ የሚጠራ አጭር ባት ፋይል (ትእዛዞች በተርታ የተጻፉበት ፋይል) ነው። የሚገዛም ሆነ ክራክ የሚፈለግለት ነገር የለውም።

ሙያው የታየው በጥቃቅኑ ነው። ሮቦኮፒ በሌላ ፕሮግራም የተያዘ ፋይል ሲገጥመው፣ ካልከለከሉት 30 ሰከንድ እየጠበቀ እስከ 1 ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል። የኢሜይል ፕሮግራሙ አውትሉክ ተከፍቶ ከተረሳ እዚያው ፋይል ላይ ተገትሮ ያድራል ማለት ነው። ወንድማችን ግን 5 ሰከንድ እየጠበቀ 2 ጊዜ ብቻ ደግሞ ሞክሮ እንዲያልፈው አደረገ። የፎልደሮቻችን ስም አማርኛ ስለሆነ ደግሞ ባት ፋይሉን የአማርኛ ፊደልን በሚይዘው በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ ሴቭ አድርጎ፣ ከላይ ኮድ ፔጁን (ዊንዶውስ ፊደል የሚያነብበትን ስልት) ወደ 65001፣ ማለትም ወደ ዩቲኤፍ 8፣ የሚቀይር መስመር ጨመረበት። ያቺ መስመር ከሌለች «የቤት ካርታ» የሚለው ፎልደር ስሙ ተበላሽቶ ይነበብና አልተገኘም ይባላል።

ሚር የሚባለውን የሮቦኮፒ ማዘዣ ሆን ብሎ ተወው። ሚር መጠባበቂያውን ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ዓይነት ስለሚያደርግ፣ ቀን በስህተት የተደመሰሰ ፋይል ማታ ከዲስኩም ይደመሰሳል። ግን ያለ ሚርም ቢሆን የተበላሸ ፋይል በደህናው ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለት ዲስክ በየሳምንቱ ይፈራረቃሉ፣ ተረኛ ያልሆነው ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ቢገባ ያልተሰካ ዲስክ ላይ አይደርስም። ዲስኩ ሲሰካ ዊንዶውስ የሚሰጠው መለያ ፊደል አንዴ ኢ፣ አንዴ ኤፍ እየሆነ ስለሚያስቸግር፣ ባት ፋይሉ የሚፈልገው ፊደሉን ሳይሆን ሁለቱም ዲስኮች ላይ የተቀመጠችውን ምልክት ፋይል ነው።

ሥራን በሰዓቱ በሚያስጀምረው የዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ላይ ማታ 3 ሰዓት (ለዊንዶውሱ 21 ሰዓት) ተሞልቷል። መብራት ሄዶ ሰዓቱ ካለፈ፣ ኮምፒውተሩ ሲከፈት እንዲሠራ የምታደርገዋን ሳጥን ቲክ አደረገ፤ ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ካልሆነ አትጀምር የምትለዋን አነሳት። ይቺን ብዙ ሰው ይረሳታል።

ሮቦኮፒ ሲጨርስ ውጤቱን በቁጥር ይመልሳል፤ 1 ቢመልስ ስህተት አይደለም፣ ፋይል ተገልብጧል ማለት ነው። መልእክት የሚወጣው 8ና ከዚያ በላይ ሲመለስ ወይም ዲስኩ ሳይሰካ ሲቀር ብቻ ነው።

ሒሳቡን የተቀበለው ከዲስኩ ሦስት ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ከፍቶ ካሳየ በኋላ ነው። ቀጠሮ ላይ ትንሽ ያረፍዳል፣ እሱን ቻሉት። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን።