ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ ለጎንደር ዳገት ይበቃል?

ሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ ቪትዝ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደሩ፣ 71 የፈረስ ጉልበት አለው። ባዶውን 1 ቶን ገደማ ስለሚመዝን ለአንድ ፈረስ የሚደርሰው 14 ኪሎ ነው። ለሜዳ መንገድ ደህና ነው።

ጎንደር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር የጉልበቱን አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል፤ የሚቀረው 56 ቢሆን ነው። አምስት ሰው ከነሻንጣው ሲጫን መኪናው 1,350 ኪሎ ይደርሳል፣ የአንዱ ፈረስ ሸክምም ወደ 24 ኪሎ ያድጋል። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲወጡ የሚሰማው መዛል ከዚህ ይመጣል፤ ካምቢዮ ከማስፈታት በፊት ይህን ማስላት ያስፈልጋል! በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር በሚያስወጣ ዳገት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለመሄድ፣ ያን ክብደት ሽቅብ ማንሳት ብቻ 18 ያህል የፈረስ ጉልበት ይበላል። ለማፍጠን የሚተርፈው በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ሙሉ ጉልበቱ የሚገኘውም በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ ስለሆነ፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ቢጮህ አያስደነግጥ። የጭነት መኪና ከመቅደም በፊት ኤሲውን ማጥፋት ይረዳል። አቧራ የደፈነው የአየር ፊልትሮ፣ ያረጁ ሦስት ካንዴላዎችና ንፋስ ያነሰው ጎማ ግን ያለችውንም ጉልበት ይሰርቃሉ፤ መጀመሪያ እነሱ ይታዩ። ፖርቶ መጋላ ላይ ዕቃ መጫን ክብደትም የንፋስ ግፊትም ይጨምራል።

ለአንድና ለሁለት ሰው የከተማ መኪና ጥሩ ግዢ ነው። ቤተሰብ ጭኖ ደባርቅ ለሚመላለስ ግን 87 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 1.3 ሊትሩ ይሻላል።