ኮንሰርቲናዬን ላዳኑልኝ አዛውንት ምስጋና፣ ለእናንተ ደግሞ ጥቆማ

አንድ ሰው በአደባባይ ማመስገን አለብኝ። በለንደንና በዙሪያዋ ላላችሁ፣ ቤታችሁ ኮንሰርቲና የተባለው የሙዚቃ መሣሪያ ላላችሁ ወይም ለመግዛት ለምታስቡ ደግሞ እግረ መንገዴን ልጠቁማችሁ። ኮንሰርቲና ጠጋኙ ባለሙያ በደቡብ ለንደን፣ ከቤታቸው ጓሮ ባለች ትንሽ ክፍል የሚሠሩ እንግሊዛዊ አዛውንት ናቸው። ሥራ ስለሚበዛባቸው ስማቸው እንዲለጠፍ አይፈልጉም። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ።

መሣሪያውን ለማታውቁት ትንሽ ልበል። አኮርዲዮንን ሁላችንም እናውቃለን። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. በአኮርዲዮን የሠራውን የሰማ ሰው፣ ይህ ዓይነት ድምፅ ለእኛ ዜማ እንዴት እንደሚስማማ ማስረዳት አያስፈልገውም። ኮንሰርቲና የእሱ የቅርብ ዘመድ ነው። ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ስድስት ማዕዘን ነው። መሃሉ ወናፍ፣ ግራና ቀኙ ቁልፍ። እንግሊዝኛ የሚባለውን ዓይነት የፈጠረው በፊዚክስ የሚታወቀው ቻርልስ ዊትስቶን ነው። የጀርመኑን ደግሞ በ1834 ካርል ኡሊግ ኬምኒትዝ ከተማ ላይ ሠራው። በኋላ አንግሎ የተባለውና ዛሬ አየርላንዶች፣ በተለይ የክሌር አውራጃ ሰዎች፣ የሚመኩበት ኮንሰርቲና የመጣው ከዚህ ከጀርመኑ ነው።

የእኔ እንግሊዝኛው ነው። ባለ 48 ቁልፍ፣ ላሸናል የተባለው የድሮ የለንደን ድርጅት ሥራ። ድምፁን እወደዋለሁ፤ ግን አየር ያፈስ ነበር። አንድ ዜማ ሳልጨርስ ወናፉ ያልቅብኛል። አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ወሰድኩት። ሳይከፍቱት «ወናፉ ሙሉ በሙሉ ይቀየር» አሉኝ። ዋጋውን ስሰማ ልተወው ሁሉ ብዬ ነበር። እኔ ሰፈር የአየርላንድ ዜማ እየተሰበሰቡ የሚጫወቱ ሰዎች አሉ። ከእነሱ አንዷ «ምንም ከመቀየርህ በፊት እኚህ ሰውዬ ይዩልህ» አለችኝ። እግዜር ይስጣት።

አዛውንቱ ገና ካቻቢቴ ሳያነሱ ኮንሰርቲናውን አቁመው የላይኛውን ጎን ያዙ። ምንም ቁልፍ ሳይነኩ የታችኛውን ለቀቁት። ጤነኛ ከሆነ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። የእኔ ዝርግፍ አለ። ቀጥለው ወናፉን እየዘጉ በየእጥፋቱ ጉንጫቸውን አስጠጉ። አየር የሚወጣበት ቦታ አጡ። «ቆዳው ደህና ነው። ችግሩ ውስጥ ነው» አሉኝ። በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ገንዘብ እንዳዳኑልኝ አስቡት።

ከዚያ ከፈቱት። በእያንዳንዱ ጎን ስድስት ረጃጅም ብሎኖች አሉ። አዛውንቱ ለዚሁ ብለው ቀዳዳ የበሷት ጣውላ አለቻቸው። እያንዳንዱ ብሎን ከወጣበት ቦታ ትይዩ ይሰካል፤ ሲገጠምም ወደዚያው ቀዳዳ ይመለሳል። ስንት ዘመን አብረው የኖሩ ብሎንና ቀዳዳ አይቀያየሩም ባይ ናቸው። አጠገባቸው ቁሜ እንዳይ ፈቀዱልኝ። ጥያቄም አላሰለቻቸውም።

በየጎኑ ውስጥ አንድ የእንጨት ገበታ አለ። ድምፅ የሚያወጡት ስስ የብረት ምላሶች እሱ ላይ ተሰክተዋል። ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ምላስ፣ አንዱ ወናፉ ሲገፋ፣ አንዱ ሲሳብ። ስለዚህ 48 ቁልፍ ማለት 96 ምላስ ማለት ነው። የእኔ ገበታ ልል ሆኖ በጣት ሲነካ ይወዛወዛል። ጥፋቱ የቤት ማሞቂያ ነው። በብርዱ ወራት ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል፤ እንጨቱም ይኮማተራል። አየሩ መሄድ ባለበት ምላስ በኩል መሄዱ ይቀርና በየዳሩ ይሾልካል። ገበታው የሚገባበት ክፈፍ በለስላሳ ቆዳ የተለበጠ ነው። አዛውንቱ ከቆዳው ጀርባ ቀጭን ወረቀት እያስገቡ፣ እየለኩ፣ ደግመው እያወጡ፣ ገበታው በአውራ ጣት ተገፍቶ ብቻ የሚገባ አደረጉት።

ከእያንዳንዱ ምላስ ጀርባ ደግሞ ከጥፍር የምትሳሳ ቆዳ ተለጥፋለች። አየር በአንድ በኩል ብቻ እንዲያልፍ የምታደርገው እሷ ናት። በእርጅና ስትጠቀለል ድምፁ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ይንጣጣል። የተጠቀለሉትን ብቻ እየመረጡ ቀየሩ። ከቁልፎቹ ሥር አየር የሚዘጉትን ያረጁ የቆዳና የፌልት ክቦችም እንዲሁ። ሁለት ደካማ ሞላዎች ነበሩ፤ እነሱም ተቀየሩ። ደህና የሆነውን ግን አልነኩም። እኔ በጣም ያከበርኳቸው በዚህ ነው። ብዙ ሂሳብ መጠየቅ የሚችሉበትን ሥራ «አያስፈልግም» እያሉ አለፉት።

መቃኘት ላይም እንዲሁ ሆኑ። የድሮ ኮንሰርቲናዎች ብዙዎቹ የተቃኙት በዛሬው መደበኛ ልክ፣ ኤ (A) የተባለችው ኖታ በሰከንድ 440 ጊዜ በምትንቀጠቀጥበት፣ አይደለም። የእኔ 452 አካባቢ ነበር፤ ከኪቦርድ በሩብ ድምፅ ገደማ ከፍ ይላል። ብቻውን ሲጫወቱት አያስታውቅም። ከሌላ ጋር ሲሆን ግን ጆሮ ይቆረጥማል። አዛውንቱ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?» ብለው ነው። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ተወው ሊሉኝ ነበር። ምክንያቱም የሚቃኘው በሞረድ ነው። ምላሱ ጫፉ ላይ ሲሞረድ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሥሩ አካባቢ ሲሞረድ ይወርዳል። የተሞረደ ብረት ደግሞ አይመለስም። ኪቦርድ ከሚጫወት ጓደኛዬ ጋር እንደምንጫወት ስነግራቸው 96ቱንም አንድ በአንድ ወደ 440 አወረዱልኝ። አሁን ያለ ምንም ችግር አብረን እንጫወታለን።

ሥራው ካለቀ በኋላ «የአገርህን ዜማ አሰማኝ» አሉ። ትዝታን ከሲ (C) ጀምሬ ተጫወትኩላቸው። እንግሊዝኛው ኮንሰርቲና ላይ ኖታዎቹ ለሁለቱ እጆች ተከፋፍለዋል፤ በኖታ መስመር ላይ የሚጻፉት ግራ፣ በመስመሮቹ መሃል የሚጻፉት ቀኝ። ስለዚህ ትዝታ ሲወጣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ ይሄዳል። የተዘለለው ኖታ ያለበት ቦታ ላይ ያው እጅ ይደገማል። አዛውንቱ ጣቶቼን ሲያዩ ቆይተው ይህንኑ ራሳቸው ደረሱበት፤ ፊታቸው በራ። ቀጥሎ አንቺሆዬን አሰማኋቸው። እሱ ኪቦርድ ላይ ጥቁር ቁልፍ የሆኑትን ኖታዎች ስለሚፈልግ ጣቶቼ ወደ ዳር ረድፎች ወጡ። ደግሜ እንድጫወትላቸው ጠየቁኝ።

እዚህ ላይ ለሚገዙ ሰዎች ቁም ነገር አለ። ርካሽ ሆነው የሚገኙት አብዛኞቹ ባለ 20 ቁልፍ፣ በሲና በጂ የተቃኙ አንግሎዎች ናቸው። በእነሱ ላይ ትዝታን በሜጀር፣ ባቲን በሜጀር፣ አምባሰልንም መጫወት ትችላላችሁ። አንቺሆዬ ግን ከየትኛውም ኖታ ብትነሱ አይሞላም፤ የሚያስፈልጉት ኖታዎች የሉትም። አንግሎ ደግሞ ስትገፉና ስትስቡ ያው ቁልፍ ሌላ ድምፅ ነው የሚሰጠው። ለአየርላንድ ጭፈራ ያ ግፊያና ስበት ነው ምቱን የሚያመጣው። የእኛን ረጅም፣ እየተጎተተ የሚሄድ ዜማ ለሚወድ ሰው ግን ሲገፋም ሲሳብም አንድ ድምፅ የሚሰጠው እንግሊዝኛው ይሻላል። ይሄ የእኔ ፍርድ ነው፤ አዛውንቱም ተስማምተውበታል። የፈጣሪው የዊትስቶን ድርጅት የሠራው አሮጌ ኮንሰርቲና ካጋጠማችሁ ተከታታይ ቁጥሩን ፈልጉ። ፎረስት ሂል የሚገኘው ሆርኒማን ሙዚየም የድርጅቱን የድሮ መዝገቦች ይዟል፤ በቁጥሩ የተሠራበትን ጊዜ ማወቅ ይቻል ይሆናል። ሙዚየሙ ያለው የኮንሰርቲና ስብስብም መታየት ያለበት ነው።

የሰጡኝን ምክር ሳልነግራችሁ ማለፍ ንፉግነት ይሆንብኛል። ወናፉን ቁልፍ ሳትጫኑ በጉልበት አትሳቡ፣ አትግፉም። ተቀምጣችሁ ስትጫወቱ ጭናችሁ ላይ የሚያርፈው አንዱ የእንጨት ጎን ይሁን፤ ወናፉ ካረፈ እየተፋተገ ይበላል። ምላስ ሲንጣጣ ወይም ዝም ሲል ዘይት የሚባል ነገር እንዳታስነኩት። አብዛኛውን ጊዜ ብናኝ ገብቶ ነው። ከማሞቂያና ከመስኮት ፀሐይ አርቁት። ሳጥኑ ውስጥ ስታስቀምጡት ቁልፎቹ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን ወደ ግራና ቀኝ እንዲሆኑ አጋድሙት፤ እነዚያ ስስ ቆዳዎች በክብደታቸው ተንጠልጥለው የሚከፈቱት በአቀማመጥ ስህተት ነው። በየቀኑ ትንሽም ቢሆን ተጫወቱበት።

የጠየቁኝ ሂሳብ ሱቁ ለወናፍ ብቻ ካለኝ በጣም ያነሰ ነው። የቀየሩትን እያንዳንዱን ቆዳና ሞላ በትንሽ ፖስታ አድርገው መልሰውልኛል፤ ምን እንደተሠራም በእጅ ጽሑፋቸው አያይዘዋል። ጋሼ፣ ይህን ማንበብ ባይችሉም፣ እጅዎ ይባረክ።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ ወረፋው ረጅም ነው፤ ወራት ሊወስድ ይችላል። ለሠርግ ወይም ለበዓል ካሰባችሁት ቀድማችሁ ደውሉ። ያለ ቀጠሮ አትሂዱ። ለመግዛት ያያችሁት ካለም ሻጩ ከፈቀደ ሳትከፍሉ በፊት ውሰዱላቸው፤ ያዩላችኋል። አኮርዲዮን ግን የሚቀበሉት የተበላሹት ወናፉና ቁልፎቹ ከሆኑ ብቻ ነው፤ የአኮርዲዮን ምላስ ወደሚቃኝ ሌላ ሰው ይልኳችኋል።