የፊዚክስ ዶክትሬት ተማሪዎችን ለኢንዱስትሪ የሚያዘጋጀው የባሕር ዳሩ ስልጠና ገንዘቡን ያወጣል?

የልኬት ክፍሉ ያወጣል፣ ሌላው ያከራክራል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጠው ይህ ስልጠና ሦስት ክፍል አለው፦ ልኬትና ካሊብሬሽን (የመለኪያ መሣሪያን ከታወቀ ዋጋ ጋር ማመሳከር)፣ ሲቪና ቃለ መጠይቅ፣ ዳታ ትንተና ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ። ክፍያው ለሦስቱም አንድ ላይ ቢሆንም ጥራታቸው ግን ለየቅል ነው።

የልኬት ክፍሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ሥራ ላይ ነው፦ ሙቀት ሲጨምር ሬዚስታንሱ (የኤሌክትሪክ ተቃውሞው) የሚጨምረውን ፒቲ-100 የሙቀት ሴንሰር ካሊብሬት ማድረግ። ሴንሰሩ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ 100 ኦም፣ በ100 ዲግሪ 138.51 ኦም ማሳየት አለበት፤ በየዲግሪው 0.385 ኦም ገደማ ይጨምራል። ዜሮው የሚገኘው በቴርሞስ ውስጥ ባለ የተፈጨ በረዶና የተጣራ ውሃ ነው። ውሃው ከበዛ በረዶው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሴንሰሩም ከታች እስከ 4 ዲግሪ የሚደርስ ውሃ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በረዶው እስከ ታች መጠቅጠቅ አለበት፣ ውሃው ክፍተቱን ብቻ ይሙላ።

ቀጥሎ የፈላ ውሃ ይመጣል፤ ብዙው ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሬዚስታንስ የሚለካው መልቲሜትር 136.2 ኦም ሲያሳይ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም። የአየር ግፊቱን በባሮሜትር ለክቶ የመፍያ ነጥቡን ከሰንጠረዥ ያወጣ ግን ሴንሰሩ ደህና መሆኑን ያያል። (የመፍያ ነጥብን ከግፊት ጋር የሚያገናኘውን የክላውሲየስ-ክላፔይሮንን ቀመር በሰሌዳ ላይ በቃሉ የሚያወጣ ሰው ማንቆርቆሪያ ፊት ሲረሳው ማየት ለአማካሪዎችም ትምህርት ነው።)

ሌላው ወጥመድ ሽቦው ነው። በሁለት ሽቦ ሲለካ የሽቦው ሬዚስታንስ ከሴንሰሩ ጋር ይደመራል፤ ደርሶ መልስ 0.4 ኦም ያለው ሽቦ ንባቡን 1 ዲግሪ ያህል ያሳስተዋል። አሰልጣኙ መልሱን አይነግርም፤ ሰልጣኙ ራሱ የሽቦውን ሬዚስታንስ ከንባቡ የሚያስወጣው የአራት ሽቦ ልኬት ላይ እስኪደርስ ይጠብቃል። ከረንቱንም ከፍ አድርጎ «ሲግናሉ ይጥራ» የሚል ሰው ሴንሰሩን ራሱን ያሞቀዋል፤ 1 ሚሊአምፔር ይበቃል።

ሪፖርቱ ከነአንሰርተንቲው (ልኬቱ ምን ያህል ሊዛነፍ እንደሚችል ከሚያሳየው ግምት ጋር) ካልቀረበ አይታረምም። 0.1 ኦም ድረስ የሚያነብ መልቲሜትር ከሆነ ግማሽ እርከኑ 0.05 ኦም በ3 ካሬ ሥር (√3) ይካፈላል፤ 0.03 ኦም ገደማ፣ ወደ ሙቀት ሲመለስ 0.075 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ከዚያ የተደጋጋሚ ንባቦች ልዩነትና በመልቲሜትሩ የካሊብሬሽን ሰርተፍኬት ላይ የተጻፈው አንሰርተንቲ ይጨመራሉ። የካሊብሬሽንና የፍተሻ ላቦራቶሪዎች ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው አይኤስኦ 17025 የሚጠይቀው ይህንኑ ስለሆነ በካሊብሬሽን ላቦራቶሪ ለሚቀጠር ሰው ከማንኛውም ሰርተፍኬት ይልቅ ይህ ሪፖርት ይመሰክርለታል።

ሲቪው ላይ ምክሩ ግማሽ መንገድ ይሄዳል። «በሦስት-ደረጃ ሌዘር ውስጥ ስኩዊዝድ ብርሃን» የሚለውን የመመረቂያ ጽሑፍ አርእስት አሰልጣኞቹ ቀጣሪ በሚረዳው ቋንቋ ማስጻፋቸው ጥሩ ነው፦ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽኖችን በኮድ የፈታ፣ ውጤቱን ከእጅ ስሌት ጋር ያመሳከረ፣ ስህተቱን የገመተ። ሲሙሌሽንን (በኮምፒውተር የተሠራ የክስተት አምሳያን) «ማሽን ለርኒንግ» እያሉ ማስጻፋቸው ግን አደገኛ ነው፤ ለመጀመሪያው ቴክኒካዊ ጥያቄ መልስ ይጠፋል።

ዋናው ጉድለት ስልጠናው የአገሩን ቅጥር አለማወቁ ነው። የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ «በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቀ» ካለ፣ የፊዚክስ ዶክትሬት ገና የሰው ኃይል ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። መውጫው «ወይም ተመሳሳይ የትምህርት መስክ» የሚል ሐረግ ያለበትን ማስታወቂያ መፈለግ፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ኤሌክትሮኒክስንና ኒውሜሪካል ሜተድን ማስመር፣ የሥራ ክፍሉን ኃላፊ ደግሞ መዝገቡ ከመዘጋቱ በፊት ማነጋገር ነው። በዩኒቨርሲቲ ስፖንሰርነት የሚማር ሰው የአገልግሎት ግዴታ ውል እንዳለበትም አንድም ቃል አልተነሳም። ውሉ ሳይነበብ፣ የመልቀቂያና የክሊራንስ ጉዳይ ሳይታወቅ ሥራ መፈለግ መጨረሻው ቀጣሪን ማስከፋት ነው።

የፓይተን ክፍሉ ደካማ ነው። የሚሰጠው የጣና የውሃ ከፍታ ሰንጠረዥ ታጥቦ የተሰጣ ነው፤ የጎደለ ረድፍ የለውም፣ ቀኑም ተስተካክሏል። የሥራ ቦታ ዳታ እንዲህ አይመጣም። ኦፕሬተሩ መዝገብ ላይ በእጁ የጻፈው ሰዓት በአገርኛ አቆጣጠር፣ ማሽኑ የመዘገበው በአውሮፓውያን ይሆናል፤ ሁለቱ ሳይታረሙ ሲገጣጠሙ የ6 ሰዓት መዛነፍ ይፈጠራል። ዳታ ማጽዳትና የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋው ኤስኪውኤል ቢገቡበት ኖሮ የተሻለ ነበር። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ፕሮጀክተሩን እንጂ የሰልጣኙን ሶኬት አያበራም፤ ባትሪ ሞልቶ መሄድ ነው። ለምሳ ግን ሐይቁ ዳር ያለው አሳ ጉላሽ ቅሬታ የለውም።

መወሰድ ያለበት በሁለተኛው ዓመት ነው። ከዲፌንስ (የመመረቂያ ሥራውን ፈታኞች ፊት ካቀረበ) በኋላ የመጣ ሰው የመመረቂያ ሥራውን መቀየር አይችልም፤ በሁለተኛው ዓመት የመጣ ግን አንድ ምዕራፉን ከእውነተኛ ልኬት ጋር ሊያገናኝ ይችላል። ፓይተን የሚችል ሰው ከመመዝገቡ በፊት የልኬት ክፍሉን ለብቻው ከፍሎ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ይጠይቅ።